ሊሾ በሆነ ግቢ የትኛው አገር በቀል ዛፍ ይጸድቃል?

የጎሮ ነዋሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ፣ ጎሮ አካባቢ ነን። ሰፈሩ በግንባታ ከተሞላ ወዲህ ዛፉም ወፉም ጠፍቷል፤ ግቢያችንም ሙሉ ለሙሉ ሊሾ ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር አስነስተን ለዘንድሮ ክረምት አገር በቀል ዛፍ ልንተክል አስበናል። አፈሩ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ነው፤ ቦታው ከአጥሩ 2 ሜትር ተኩል፣ ከሴፕቲክ ታንኩ 6 ሜትር ይርቃል። ዋንዛ ይሻላል ወይራ? ጥድስ?

ችግኝ አፍይ፦
ወይራ ትከሉ። ዋንዛ ቅርንጫፉ ሰፊ ስለሆነ አጥሩ ላይ ይተኛል፤ ጥድ ደግሞ ለጠባብ ግቢ በጣም ይረዝማል። ወይራ እድገቱ አዝጋሚ ቢሆንም መገረዝ ይችላል፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው፣ ፍሬውንም ወፎች ይወዱታል። ቶሎ ያድጋል ብሎ ባሕር ዛፍ የሚመክራችሁ ካለ እንዳትሰሙ! መረሬ በበጋ በራሱ ይሰነጠቃል፤ ውኃ መጣጭ ዛፍ ሲጨመርበት ይባስ ይኮማተርና ስንጥቁ ወደ አጥርና ወደ ቤት መሠረት ይዘልቃል። ከተቻለ ክፍቱን ወደ 1 ሜትር ተኩል አስፉት።

አፈር ወዳድ፦
በወይራው እስማማለሁ፤ ግን መረሬ ላይ ከበጋው ይልቅ ክረምቱን ፍሩለት። ሥሩ ውኃ ከተኛበት አየር አጥቶ ይበሰብሳል። አሁኑኑ 60 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉበት። ደረቅ መረሬ የመጀመሪያውን ውኃ በስንጥቁ ስለሚውጠው አያታልላችሁ፤ ደግማችሁ ሙሉትና በማግስቱ እዩ። ካልሰረገ ጉድጓዱን ተዉት፤ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድራችሁ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ጉብታ ላይ ትከሉ። አፈሩ ሁለት እጅ፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግ አንድ እጅ ይሁን። ከሊሾው ሥር ያለውን ኮረትና የሲሚንቶ ፍርስራሽ አንድም ሳታስቀሩ አውጡ። የሲሚንቶው ኖራ ችግኝ ከአፈር ብረት እንዳያገኝ ያደርጋል፤ የቅጠሉ ጅማት አረንጓዴ ሆኖ መሐል መሐሉ ቢጫ ሲሆን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ችግኝ አፍይ፦
ትክክል። አተካከሉን ልጨምር። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ትከሉ፤ ከዘገየ ሥሩ ሳይዝ ዝናቡ ይወጣል። ፕላስቲኩን ቀዳችሁ ሙሉ በሙሉ አስወግዱ። ከታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ በምላጭ ቁረጡት፤ ካልተቆረጠ እንደተጠማዘዘ ይወፍርና ከዓመታት በኋላ ዛፉን ያንቀዋል። ግንዱ አፈር ውስጥ አይቀበር፤ እርጥበት እንዲይዝ አፈሩ ላይ የምታነጥፉት ጉዝጓዝም (ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል) ከግንዱ አራት ጣት ያህል ይራቅ።

የጎሮ ነዋሪ፦
እናመሰግናለን። የጣራውን አሸንዳ ወደ ዛፉ ብናዞረውስ?

አፈር ወዳድ፦
በቀጥታ አታዙሩት። 100 ካሬ ሜትር ጣራ በ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,000 ሊትር ያወርዳል፤ አንድ ካሬ መረሬ ይህን አይችለውም። ወደ ሮቶ አስገቡት። ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት አንዴ 20 ሊትር ቀስ ብላችሁ አጠጡ፤ በየቀኑ አንድ ጆግ ማፍሰስ ላዩን ብቻ አርሶ ሥሩን ወደ ላይ ይስበዋል። 1,000 ሊትር ሮቶ ከሞላ እስከ ግንቦት መጨረሻ ያደርሳችኋል፣ ይተርፋልም።