የብረት አጥር ከክረምት በፊት ይቀባ ወይስ ጥቅምት ይጠበቅ?

ባለ ቡገንቪሊያው
ሰላም ቤተሰብ። ቤቴ አያት አካባቢ ነው። አጥሩ ከታች የድንጋይ ግንብ፣ ከላይ ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ ነው። ቤቱን ስንገዛ ቀለሙ አዲስ ነበር፣ ያብለጨልጫል። አሁን ግን የቋሚዎቹ እግር፣ ሲሚንቶው ውስጥ የሚገባበት ጋ፣ ቀለሙ አብጧል። በጥፍሬ ስነካው ቅርፊቱ ተነስቶ ከስሩ ቀይ ዱቄት ይረግፋል። ቀለም ቀቢው «ሰኔ ሳይገባ በላዩ አንድ እጅ ልምታው» ይላል፣ ባለቤቴ ደግሞ ክረምቱ ይውጣና ሙሉውን እናስፍቀው ትላለች። የቱ ይሻላል? ቡገንቪሊያም ግማሹን ሸፍኖታል፣ እሱንስ ምን ላድርገው?

በያጁ
ወንድሜ መጀመሪያ ቀለሙን እርሳው። ካቻቢቴ ያዝና ያበጠውን ቦታ ጠንከር አድርገህ ውጋው። አልገባም ካለ ዝገቱ ላይ ላዩን ነው፣ ይፋቃል። ከገባልህ ግን ከውስጥ ተበልቷል፣ ቀለም አያድነውም፣ ተቆርጦ አዲስ እግር ይበየድለታል። ብዙ ጊዜ የቋሚው አናት ክፍት ይቀራል፣ ዝናቡ በዚያ ይገባና መውጫ ስለሌለው እግሩ ጋ ተጠራቅሞ ከውስጥ ይበላዋል፣ አንተ ከውጭ ስትቀባ ትኖራለህ። አናቱን በቁራጭ ላሜራ አስደፍን። ከሲሚንቶው ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ በድሪል አነስ ያለች ቀዳዳ አስበሳ፣ የገባው ውሃ ይውጣባት።

ቀለምና ብሩሽ
ባለቤትህ ልክ ናት፣ ግን እስከ ጥቅምት እንዳለ አትተወው። አሁን ያበጠውን ብቻ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፍቀህ፣ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው) ጠርገህ፣ በዚያው ቀን አንቲረስት፣ ማለትም የዝገት መከላከያ ቀለም ምታው። በዚያው ቀን ያልኩት፣ የተፋቀ ብረት ውጭ ካደረ ጤዛው መልሶ ያቀላዋል። ዝገት ላይ የተመታ ቀለም ዝገቱን ይደብቀዋል እንጂ አያቆመውም።

ሙሉውን ዝናቡ ቁርጥ ሲል፣ ጥቅምት ወይ ኅዳር ላይ። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አይጀመርም፣ ማታም ሳይበርድ ይቁም። ሁለት እጅ አንቲረስት፣ ሁለት እጅ የዘይት ቀለም፣ ሁሉም ስስ ስስ ተደርጎ። አንድ ወፍራም እጅ ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀርና ይሸበሸባል። ደግሞ ቆመህ እይ፣ አንዳንዱ ቀቢ ቀለሙን በአኳራጅ ውሃ ያደርገዋል።

ባለ ቡገንቪሊያው
ተባረኩ። የኋላው አጥር ደግሞ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቱቦ ነው። እሱንም በዚያው ቀለም?

ቀለምና ብሩሽ
ኧረ በፍጹም። ተራ የዘይት ቀለም ዚንክ ላይ ቀጥታ ከተመታ አይዝም፣ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ለጋልቫናይዝድ የሚሆን ፕራይመር (ከስር የሚመታ መነሻ ቀለም) ጠይቅ። እኔን ካልከኝ ግን ሳትቀባ ተወው፣ ዚንኩ ራሱ ይጠብቀዋል። የተበየደበት ቦታ ላይ ግን ዚንኩ ተቃጥሏልና እሱን ለብቻ ቀባው።

የጓሮ እናት
ልጄ፣ ቡገንቪሊያውን ማንም አልመለሰልህም። አትንቀለው፣ በደንብ ከርክመው። ቅጠሉ እርጥበት ያፍናል፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ከስሩ ያለው ብረት ቶሎ አይደርቅም። እኔ ከአጥሩ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጌ ሽቦ ወጥሬ እሱ ላይ ነው የማስሄደው። ግንቡ ላይ የተከመረ አፈርና የረገፈ ቅጠልም ይጠረግ። ሌላው፣ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት። እያረጠባችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ ፍቁት፣ ከዚያ በደንብ ይድረቅ። ልጆችም አይጠጉ።

ባለ ቡገንቪሊያው
ካቻቢቴውን ሞከርኩ። አብዛኛው ደህና ነው፣ በሩን የተሸከመው ቋሚ ግን ገባልኝ 😩

በያጁ
እሱን ክረምት አታሳልፈው፣ በዚህ ሳምንት አስበይድ። ሲቆረጥ በሩ ከማጠፊያው ይነቀል፣ ካልሆነም ከስሩ እንጨት ይደገፍበት፣ አለዚያ ክብደቱ ቋሚውን ይጎትተውና በሩ ከዚያ በኋላ አይገጥምም። ዋጋ ስትነጋገር ደግሞ አናቱን መድፈኑንም አብረህ ጨምር፣ በኋላ ለብቻው እንዳያስከፍልህ።