የእህቴ ኮሮይድ (የዓይን ውስጥ ንጣፍ) ወፍሯል ተብሎ ነበር፣ አሁን ሳስቷል አሉን። የቱ ነው ጥሩው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴን ራስ ምታትና የጆሮ ጩኸት ያሰቃያት ነበር፣ ከዚያ ሁለቱም ዓይኗ ደበዘዘባት። ቪኬኤች (ቮግት-ኮያናጊ-ሃራዳ) የሚባል ዩቪአይቲስ (የዓይን ውስጥ ብግነት) ነው ተባልን። በኦሲቲ (የዓይንን ጀርባ ንጣፎች በብርሃን የሚያነሳ ምርመራ) ሲታይ ኮሮይዷ ከ500 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) በላይ ሆኖ ተገኘ። ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን ጀመረች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ማየቷ ተመለሰ። አሁን ደግሞ ወደ 290 ወርዷል አሉ። መሳሳቱ ጥሩ ነው መጥፎ? እሷ ፊቴ አበጠ ብላ ክኒኑን ላቁም እያለች ነው፣ ጨንቆኛል።

የዓይን ሬዚደንት፦
አይዞሽ እህቴ። ክኒኑን በራሷ እንዳታቆም! በድንገት ማቆም ለዓይኗም ለሌላው አካሏም አደገኛ ነው። ኮሮይድ ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን ጀርባ ንጣፍ) ሥር ያለ፣ በደም ሥር የተሞላ ንጣፍ ነው፤ የሬቲናን ውጫዊ ክፍል የሚመግበው እሱ ነው። በቪኬኤች የሰውነት መከላከያ ቀለም ሰሪ ሴሎችን ያጠቃል፣ ኮሮይድ ውስጥ ደግሞ እነሱ ሞልተዋል፤ ስለዚህ ብግነቱ ያሳብጠውና ፈሳሽ ሾልኮ ሬቲናን ከሥሩ ያነሳዋል። ያደበዘዘባት ይሄ ነው። የጤነኛ አዋቂ ኮሮይድ መሃሉ ላይ በአብዛኛው ከ250 እስከ 350 ገደማ ነው። የእሷ እብጠቱ ጎደለ ማለት ነው፣ ደስ ይበላችሁ።

የሚያሳስበው መሳሳት ሌላ ነው። ብግነቱ ለዓመታት ሲመላለስ ኮሮይዱ ከጤነኛው በታች ይሳሳል፣ ቀለሙም ይጠፋና የዓይኑ ጀርባ ብርቱካናማ ይሆናል። እሱ አይመለስም። ለዚህ ነው መድኃኒቱ ቀስ እየተባለ፣ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር ባላነሰ ጊዜ የሚቀነሰው።

ታማሚ፦
እኔም ያው በሽታ አለብኝ፣ ሽፋሽፍቴ ላይ ነጭ ፀጉር ሁሉ አውጥቷል። መጠኑ ሲቀነስልኝ ዓይኔ ምንም አላለኝም፣ ሰሌዳውን እስከ ታች አነባለሁ። ኦሲቲው ላይ ግን ኮሮይዱ እንደገና መወፈር ጀምሮ ነበር። ሜቶትሬክሴት (የሰውነት መከላከያን የሚያረግብ መድኃኒት) ተጨመረልኝ፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር፣ ከዚያ ስቴሮይዱን መቀነስ ተቻለ። ፊቷም በጊዜው ይመለሳል፣ የኔ ተመልሷል። ስለ እብጠቱ ለሐኪሟ በግልጽ ትንገራት።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! በሚቀጥለው ቀጠሮ ምን ልጠይቅ?

የዓይን ሬዚደንት፦
ኮሮይዱን ጠለቅ አድርጎ በሚያሳየው የኦሲቲ ዘዴ፣ ከተቻለ በዚያው ማሽንና በተቀራራቢ ሰዓት ይነሳላት፤ ጠዋት ወፈር፣ ማታ ሳሳ ስለሚል ቁጥሩ ያምታታል። የድሮዎቹን ወረቀቶች ይዛችሁ ሂዱ፣ አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። የቲቢ ምርመራ ተደርጎላት እንደሆነም ጠይቂ። ቲቢ ራሱ ኮሮይድን ሊያጠቃ ይችላል፣ በስቴሮይድ ብቻ ሲታከም ደግሞ ይብስበታል።