ታይ ባሲል ሱሉልታ ላይ ይሆናል?

የሱሉልታዋ፦ ሰላም የጓሮ ሰዎች። እህቴ ከባንኮክ የታይ ባሲል (የታይላንድ በሶብላ በሉት) ዘር አምጥታልኝ መስከረም ላይ ደጅ መደብ ላይ ዘራሁት። አበቃቀሉ ደስ ይል ነበር። ኅዳር ላይ ግን ጠዋት ስነሳ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ የተቀቀለ ጎመን መስሎ አገኘሁት። ውሃ አላጓደልኩበትም። ግማሹ ዘር ተርፎኛል፤ ምን ላድርግ?

አባ ጓሮ፦ ውሃ አይደለም እህቴ፣ ውርጭ ነው። ባሲል ብርድ አይችልም፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቅጠሉ ይጠቁራል። የሱሉልታን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ታውቂዋለሽ። የቀረውን ዘር የካቲት መጨረሻ ላይ ቤት ውስጥ አፍዪው። የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጠሽ ታቹን ብሺ፤ አፈርና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለሽ ሙዪ። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ግማሽ ሳንቲ ሜትር አፈር ይበቃዋል። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አድርጊው፤ ሙቀት ካገኘ በሳምንት በዐሥር ቀን ብቅ ይላል።

ለገጣፎ፦ እኔ በተቆረጠ ጄሪካን ነው የማሳድገው። ቀን ግድግዳ ጥግ ፀሐይ ይሞቃል፣ ማታ ወደ ውስጥ ይገባል። ክረምት ላይም ጣሪያ ስር ይሁን፤ በረዶ ቅጠሉን ይበጣጥሰዋል፣ ውሃ የቋጠረ አፈር ደግሞ ሥሩን ያበሰብሰዋል።

የሱሉልታዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሲያብብስ እንደ በሶብላ ልተወው?

አባ ጓሮ፦ ኧረ በፍጹም! በሶብላን አብቦ ዘር እስኪይዝ የምንተወው አድርቀን ለበርበሬና ለሽሮ ስለምንፈልገው ነው። ከዚህኛው የሚፈለገው እርጥቡ ቅጠል ነው። ሐምራዊው አበባ ብቅ ሲል ጫፉን ቅጠፊው። ከቅጠሎቹ ጥንድ በላይ ስትቆርጪው ከዚያው ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል። ካበበ ግን ቅጠሉ ያንሳል፣ ይመርራልም።

የወይራ ጥላ፦ ዘር ለማስቀረት ካሰብሽ ከበሶብላ አርቂው። ሁለቱም አንድ ዝርያ ስለሆኑ ንብ ታዳቅላቸዋለች፤ በዓመቱ የሚወጣው ወይ ይሄ ወይ ያ አይሆንም። ለእኔ ግን ዘር ከመልቀም ቅርንጫፍ ይሻላል። ጥቅምት ላይ፣ ብርዱ ሳይጠና፣ ያላበቡ ጫፎች ቆርጠሽ የታችኛውን ቅጠል አራግፊና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁሚያቸው። ሥር ሲያወጡ አፈር ላይ ትተክያቸዋለሽ።

ለገጣፎ፦ ለሾርባ ከሆነ እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ ጨምሪው። እንስላል እንስላል የሚለው ጠረኑ ሲፈላ ይጠፋል።