ለአዋሽ የጀልባ መልህቅ፦ ልግዛ፣ ላሠራ ወይስ ድንጋይ ይበቃል?

የአዳማው
ሰላም ወገን። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ተዋጥተን 4 ሜትር ገደማ የሆነች የፋይበር ጀልባ ገዝተናል። እሁድ እሁድ ከአዳማ ወጣ ብለን አዋሽ ቆቃ ሐይቅ የሚገባበት አካባቢ መንጠቆ እንጥላለን። አምባዛም ቆሮሶም አለ። የቸገረን መልህቅ ነው። እስካሁን ማዳበሪያ ውስጥ ድንጋይ ሞልተን በገመድ አስረን ነው የምንጥለው። ሐይቁ ላይ ደህና ነው፤ ወንዙ አፍ ላይ ስንደርስ ግን ድንጋዩም እኛም አብረን እንሄዳለን። ባለፈው ሳምንት ጭራሽ ማዳበሪያው ተቀደደና ድንጋዩን ለአዋሽ አስረክበን ባዶ ጆንያ ጎትተን አወጣን። አንዱ ጓደኛችን ጀሪካን ውስጥ ኮንክሪት ሞልተን 30 ኪሎ እናድርገው ይላል። እኔ በያጅ ጋ ልሄድ ነው። ምን ትላላችሁ?

ፌሮ
ኮንክሪቱን ተወው ወንድሜ። ውሃ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ ይከዳሃል፤ 30 ኪሎው እታች 17 ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው፣ ጎትተህ ጀልባ ላይ ስታወጣው ግን 30ውንም ወገብህ ይከፍላል። ብረት ይሻላል፣ 10 ኪሎ ብረት ውሃ ውስጥም ከ8 ኪሎ ተኩል በላይ ነው።

ደግሞ የሚይዘው ጥፍሩ ነው። 40 ሳንቲም የሚሆን ወፍራም ቱቦ ውሰድ፣ ከታች አራት ባለ 10 ሚሊ ፌሮ አስበይድ፣ እንደ መንጠቆ ይታጠፉ፣ ከላይ ቀለበት ይኑረው። በያጁ ወፍራም ፌሮ ይሁን ካለህ እሺ እንዳትል! ባለ 10 ሲሆን ሥር ውስጥ ቢሰነቀር በደንብ ስትስበው ይቃናና ይወጣልሃል። ቤት ገብተህ በመዶሻ መልሰህ ታጥፈዋለህ። ከቀለበቱ ላይ 2 ሜትር ሰንሰለት ጨምር፣ ሰንሰለቱ ገመዱን ወደ መሬት ስለሚያስተኛው ጥፍሩ ወደ ላይ አይነቀልም።

የድሮ አጥማጅ
ፌሮ ያለው ለድንጋያማ ቦታ ልክ ነው። ልጄ፣ አንተ ያለህበት ቦታ ግን ደለል ነው፣ አዋሽ ስንት ዘመን አፈር ሲያመጣ የኖረበት። እዚያ ባለ አራት ጥፍሩ ሽሮ ውስጥ እንደገባ ሹካ ነው፣ ሰንጥቆት ያልፋል። ጥፍሮቹ ጫፍ ላይ መዳፍ የሚያህል ላሜራ አስበይድባቸው፣ ያኔ እንደ አካፋ ጭቃውን ይይዛል።

ገመዱንስ ስንት ሜትር ነው የምትለቁት? ውሃው 3 ሜትር ከሆነ ቢያንስ 15 ሜትር ልቀቅ፣ ከተቻለ 20። ብዙ ሰው ገመዱን ቀጥ አድርጎ ያስርና መልህቁን ይረግማል። ሱቅ ያለው የሚንሳፈፈው የፕላስቲክ ገመድ ደግሞ ሞተር ላይ ይጠመጠማል፤ ናይሎን ይሻልሃል፣ እሱ ይሰምጣል፣ ትንሽም ይለጠጣል።

አንድ ነገር ልንገርህ። ወጣት ሳለሁ መልህቁን ከኋላ አሰርኩት፣ ለመቀመጥ ስለተመቸኝ ብቻ። ከላይ ዝናብ ጥሎ ኖሮ ውሃው በአንዴ ጨመረ። ጀልባው በኋላው ዝቅ አለ፣ ውሃው ጉልበቴ ደረሰ፣ ቋጠሮውን ልፍታ ብል ጠብቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። በቢላ ቆርጬ ነው የተረፍኩት። ከዚያ ወዲህ ቢላዋ ከኪሴ አይለይም። ምንጊዜም ከፊት፣ ከአፍንጫው እሰር።

የአዳማው
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኛም ከኋላ ሞተሩ ጋ ነው የምናስረው። ዛሬ ይቀየራል! አንድ ጥያቄ፦ እንጨት ሥር ገብቶ አልወጣ ካለስ? ላሜራ ከተጨመረበት እኮ እንደ ፌሮ አባባል የሚቃና አይመስለኝም።

ፌሮ
ትክክል ነህ፣ እሱ ላይ ጋሼ ቀደሙኝ። ዘዴ አለው። ሰንሰለቱን ከላይኛው ቀለበት ላይ አትሰረው። ከታች ጥፍሮቹ የሚገናኙበት ጋ ሌላ ቀለበት አስበይድና እዚያ እሰረው፣ ከዚያ በቱቦው ላይ አምጥተህ ከላይኛው ቀለበት ጋር በቀጭን ሲባጎ ብቻ ጠፍረው። በደህና ጊዜ ሲባጎው ይይዛል። ሲሰነቀር በኃይል ስትስብ ሲባጎው ይበጠሳል፣ መልህቁም በቂጡ በኩል ተገልብጦ ይወጣል። የሲባጎውን ውፍረት እዚያው ሞክረህ ነው የምታውቀው፣ እኔ ሁለቴ ቀጭን አድርጌ ያለ ጊዜው በጥሶብኛል።

የድሮ አጥማጅ
የገመዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ባዶ ጀሪካን እሰሩ፣ ክዳኑ የጠበቀ። እምቦጭ ተሰብስቦ እንደ ደሴት ሲመጣ ገመዱን ይጫነዋል፣ ጉማሬም ብቅ ሊል ይችላል። መልህቅ ለመጎተት ጊዜ የለህም። ገመዱን ከነጀሪካኑ ትለቅና ትሄዳለህ፣ በኋላ ተመልሰህ ታነሳዋለህ። ከቆቃ ግድብ በታች ወንጂ በኩል ከወረዳችሁማ ግድ ነው፣ ውሃ ሲለቀቅ ወንዙ ድንገት ይሞላል። በክረምት እዚያ ባትሄዱ ነው የምመርጠው።

የአዳማው
ቅዳሜ በያጅ ጋ ነኝ። ጀሪካኑ የዘይቱ ባለ 5 ሊትር ይበቃል?

የድሮ አጥማጅ
ትንሽ ነው፣ ወንዙ ገመዱን ሲጎትተው ሊሰምጥብህ ይችላል። ባለ 20 አድርገው። ቢጫውን፣ ከሩቅ ይታያል።