ድምፁን ከፊት ለፊት የሚያሰማ ሄድፎን፦ ጆሮ ይለምደዋል ወይስ ጉድለቱን ይረሳዋል?

በገና ወዳድ (ባሕር ዳር)፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምሠራው ግሽ ዓባይ ሰፈር ነው፤ የበገና መዝሙርና የማኅሌት ቅጂ አጸዳለሁ፣ ሚክስ አደርጋለሁ። ሞኒተር ስፒከሮች አሉኝ፤ ግን ጎረቤቴ አራስ ናት፣ ግድግዳችንም አንድ ነው፤ ስለዚህ የማታው ሥራ በሙሉ በሄድፎን ነው። ለዓመታት የሠራሁት ጆሮን ግጥም አድርጎ በሚዘጋው ዓይነት ነበር። በቅርቡ አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ሌላ ይዞልኝ መጣ፦ ጀርባው ክፍት፣ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ከጆሮ ቀዳዳ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጉንጭ በኩል ቀደም ብሎ የተቀመጠና ወደ ጆሮ የዞረ። ድምፁ እንደ ስፒከር ከፊት እንዲመጣ ታስቦ የተሠራ ነው።

እውነትም ከፊት ይመጣል። ያስቸገረኝም እሱ ነው።

በአሮጌው ስሰማ በገናው ቅንድቤና ቅንድቤ መካከል ነበር። እንዚራው፣ አውታሩ ሥር የሚገባውን ቁራጭ ቆዳ ማለቴ ነው፣ የሚያወጣው ንዝረት ከሚመቱት አውታሮች የየትኛው እንደሆነ ለይቼ እሰማለሁ። አንዱ ቆዳ ከቦታው ትንሽ ሸርተት ካለ ወዲያው አውቃለሁ። በአዲሱ ግን በገናው ከጠረጴዛዬ ማዶ ሄዶ ቁጭ አለ። ንዝረቱ አለ፤ ግን ከደርዳሪው ድምፅ ጋር አንድ አካል ሆኖ ስለሚመጣ ነጥሎ መያዝ ያስቸግራል። የሰው ድምፅ ደግሞ ቀጥኖ፣ ወደ ኋላ ሸሽቶ ተሰማኝ።

ማኅሌቱ ላይ ይብሳል። እንደምታውቁት መዘምራኑ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ እየተቀባበሉ ነው የሚያዜሙት። ወንድሜ ዲያቆን ስለሆነ ሁለቱን ማይክ ከመካከላቸው የተከለልኝ እሱ ነው። በአሮጌው ሄድፎን የግራው ወገን በግራ ጆሮዬ፣ የቀኙ በቀኝ ጆሮዬ ነው፤ መቋሚያ ወለሉን ሲመታ እንኳ ከየት በኩል እንደሆነ ይታወቃል፤ እኔ መሐላቸው ቆሜያለሁ። በአዲሱ ሁለቱም ወገን ወደ ፊቴ ሰብሰብ አሉ። በር ላይ ቆሜ የማዳምጥ ያህል ነው።

የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ታገሺ፣ ትለምጂዋለሽ» ይለኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስለምደው ጆሮዬ ነው የሚስተካከለው ወይስ ጉድለቱን መስማት ነው የማቆመው? ይህን ሳላውቅ የሰው ሥራ በእሱ ላይ ተማምኜ መወሰን አልፈልግም። እንዲህ ዓይነቱን ይዛችሁ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።


ፋሲሎ ሰፈር፦

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ሁለቱን እያቀያየርሽ ማዳመጡን ተይው። አንዱን አውልቀሽ ወዲያው ሌላውን ስታደርጊ የምትሰሚው ልዩነቱን ብቻ ነው፤ ሄድፎኑን አትሰሚውም። አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ ክተቺው። ኢኩላይዘርም (የቃና ማስተካከያውን) አትንኪ። ሥራ ያልሆነ ነገር አዳምጪበት፤ በተለይ የሰው ንግግር። ጆሮ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው የሰው ንግግርን ነው። ንግግሩ የሰው ንግግር ሆኖ ሲሰማሽ ቦታውን ይዟል ማለት ነው።

ሌላው አደራረጉ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሄድፎን በጥቂት ሚሊ ሜትር ይለወጣል። ሞኖ የሆነ፣ ማለትም በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት የሚሰማ ንግግር ክፈቺና ማዳመጫውን በጣትሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ አድርገሽ አንሸራትቺው። ድምፁ የሚከሳበትና የሚሞላበት ቦታ አለ፤ የሚሞላበትን ያዢ። ሻሽ አስረሽ የምትሠሪ ከሆነ ጠርዙን ከስፖንጁ ሥር አውጪው፤ ቤዝ የሚያመልጠው በዚያ ክፍተት ነው።

ስትለማመጂም ስፒከሮችሽ ፊት ተቀመጪ፣ ባትከፍቻቸውም። ዓይን ስፒከር ሲያይ አእምሮ ድምፁን ወስዶ እዚያ ያስቀምጠዋል። እኔ ሌሎችን ሳለማምድ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው።


የፊዚክስ መምህር፦

ጥያቄሽን ወደድኩት። ውስጡ ሁለት ነገር ስላለ ለየብቻ ልመልስልሽ።

ስፒከር ስታዳምጪ የግራው ስፒከር ድምፅ ግራ ጆሮሽ ገብቶ ብቻ አይቀርም። ጭንቅላትሽን ዞሮ ቀኝ ጆሮሽም ይደርሳል፤ ጥቂት ደከም፣ ጥቂት ዘግየት ብሎ። ስፒከሮቹ እንደተለመደው ከአድማጩ ጋር እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ሠርተው ከተቀመጡ መዘግየቱ 0.25 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ድምፅ ሙሉ በሙሉ ከጎን ቢመጣ እንኳ ከ0.7 ሚሊ ሰከንድ ብዙም አያልፍም። አእምሮ ግራና ቀኝን የሚለየው በዚህች ቅንጣትና በድምፁ ጥንካሬ ልዩነት ነው። ሄድፎን ላይ ግን የግራው ለግራ፣ የቀኙ ለቀኝ ብቻ ነው። መዘምራኑ በሁለቱ ጆሮዎችሽ ላይ የተከፈሉት ለዚህ ነው።

አዲሱ ሄድፎንሽም ይህን አይለውጥም። የሚለውጠው ሌላ ምልክት ነው። ድምፅ ከፊት ሲመጣ የውጭው ጆሮ እጥፋቶች ላይ ይነጥርና ከላይኛው (ከቀጭኑ) ድምፅ፣ ከ5 ኪሎ ኸርዝ ወዲያ ካለው፣ አንዱን ክፍል ያጎላል፣ ሌላውን ይቀንሳል። ከጎን ሲመጣ መልኩ ሌላ ነው። ስለዚህ አሁን ግማሹ ምልክት «ከፊት ነው» ይልሻል፤ ግማሹ «ጆሮሽ ላይ የተለጠፈ ነው» ይልሻል። በዚያ ላይ ራስሽን ስታዞሪ ድምፁ አብሮሽ ይዞራል፤ እውነተኛ ስፒከር እንዲህ አያደርግም። መጀመሪያ ላይ ሰው የሚቸገረው በዚህ መቃረን ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የኦስትሪያው ኤኬጂ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ኬ1000 ጆሮን ሳይነካ ከጎን ተንጠልጥሎ የሚያሰማ ነበር። የጀርመኑ ሴንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ኤችዲ 800ም 56 ሚሊ ሜትር የሆነውን ድምፅ ማውጫ ከጆሮ አርቆ፣ አጋድሎ ነው ያስቀመጠው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሥራ አለ። ሰዎች የውጭ ጆሯቸው ውስጥ ቅርጹን የሚቀይር ሙሌት ተደርጎላቸው ኑሯቸውን እንዲኖሩ ተደረገ። መጀመሪያ ድምፁ ከላይ ይምጣ ከታች መለየት አቃታቸው፤ ከሳምንታት በኋላ ግን መልሰው ቻሉ። ሙሌቱ ሲወጣላቸው ደግሞ የድሮው ችሎታቸው ሳይጠፋ ጠበቃቸው። እንግዲህ የአቅጣጫው ነገር እውነተኛ መማር ነው፤ አዲሱን ስትማሪ የቀድሞው አይጠፋብሽም።

የቃና ሚዛን ግን እንዲያ አይደለም። ቤዝ የጎደለው ነገር ስትሰሚ ከከረምሽ ጆሮሽ «ልክ ይህ ነው» ብሎ ይቀበለዋል። የፈራሽው እዚህ ላይ እውነት ነው፤ መድኃኒቱም በሌላ መሣሪያ ማመሳከር እንጂ መታገሥ አይደለም።

ልዩነቱን በራስሽ ለማየት ከፈለግሽ አሮጌው ሄድፎን ላይ ክሮስፊድ የሚባለውን ፕለጊን (የድምፅ ፕሮግራም ላይ የሚጨመር መሣሪያ) ሞክሪ። የግራውን ድምፅ ጥቂት አዘግይቶና ላይኛውን ቀንሶ ወደ ቀኝ ያሻግራል፣ የቀኙንም እንዲሁ። በነፃ የሚገኘው ቢኤስቱቢ 700 ኸርዝና 4.5 ዲሲቤል ላይ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፤ ከዚያ ጀምሪ።

አንድ ነገር አደራ፦ ድምፁ ራቅ ያለ ስለሚመስል እጅ ሳይታወቅ ቮልዩም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ 80 ዲሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው።


የጎርጎራው፦

እህቴ፣ እኔ ከዚህ ዓይነት ጋር አልተስማማሁም። የምሠራው የሠርግ ጭፈራና ማሲንቆ ነው። ከበሮው ደረት ካልመታ ዘፋኙ ራሱ «ምን ሆነ?» ይለኛል፤ በዚህ ሄድፎን ደግሞ ከበሮውን ትሰሚዋለሽ እንጂ አይመታሽም። መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተር ከጀርባ ሲነሳም ክፍት ሄድፎን ጩኸቱን አያግድም። ለሚያዳምጥ ጓደኛዬ ሰጠሁት፤ እሱ እስከ ዛሬ ይመርቀኛል። ለማዳመጥ ድንቅ ነው፤ ለሥራ ግን እኔ አልመክርም።


በገና ወዳድ (ባሕር ዳር)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰንበት ብዬ የተመለስኩት የነገራችሁኝን ሳልሞክር መመለስ ስላልፈለግሁ ነው።

ጋሼ፣ ወንድሜ መዝሙረ ዳዊት ሲደግም የቀዳሁት ነበረኝና የተለማመድኩት በእሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ጸ፣ ጨ እና ቀ በመጡ ቁጥር ጆሮዬን ይወጉኝ ነበር፤ ከቃሉ ተነጥለው ቀድመው የሚወጡ ይመስላሉ። ማዳመጫውን ወደ ኋላ ሳብ ሳደርገውና ሻሹን ከሥሩ ሳወጣው የወንድሜ ደረት ድምፅ መጣ፤ ፊደሎቹም እያደር ወደ ቃላቸው ተመለሱ። አሁን ሲያነብብ ጸ የሚወጣው ከአፉ ነው። ቀጭን ሆኖብኝ የነበረው የሰው ድምፅ እንዲህ ነው የተስተካከለልኝ፤ ኢኩላይዘር አልነካሁም።

መምህር፣ ክሮስፊዱን አሮጌው ላይ ሞከርኩት፤ ሁለቱ የመዘምራን ረድፎች ቀረብ ቀረብ አሉ፤ ግን እዚያው ጭንቅላቴ ውስጥ ሆነው ነው። ወደ ፊት አልሄዱም። እርስዎ ለየብቻ የነገሩኝን ሁለት ምልክት በጆሮዬ ለየሁት።

ከዚያ ጎረቤቴ ልጇን ክርስትና ልታስነሣ ቤተሰቡን ይዛ የሄደች ዕለት ስፒከሮቹን ከፍቼ ማኅሌቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት። የቆረጠልኝ ይህ ነው። ስፒከሩ ላይ ሁለቱ ወገኖች ከፊቴ ግራና ቀኝ ናቸው፤ በአዲሱ ሄድፎን ከሰማሁት ብዙም አይለይም። ቀድሞ እንከን የመሰለኝ መራቅ፣ ቆሞ የሚያስቀድሰው ምእመን የሚሰማው ነው፤ እሱ መዘምራኑ መሐል አይገባም። ጸናጽሉንም በአሮጌው ተማምኜ ዳር ድረስ ገፍቼው የነበረውን ወደ ውስጥ መለስ አደረግሁት፤ አሁን ከያዘው ሰው እጅ ይሰማል፤ በስልክ ኢርፎን ስሰማውም አንዱን ጆሮ ብቻ አይጠዘጥዝም። አብዛኛው ሰው መዝሙር የሚሰማው በስልኩ ስለሆነ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የጎርጎራው ወንድሜ፣ ስለ ከበሮው ልክ ነህ። የከበሮውን ሰፊ ፊት በዚህ ሄድፎን አልወስንም፤ የበገናውንም የታችኛውን አውታር እንዲሁ። እነሱን ቀን በስፒከር አያለሁ። የእንዚራን ንዝረት መፈተሽ፣ ሳልና የበር ድምፅ ማጽዳት ደግሞ ለአሮጌው ተውኩለት፤ ማጉያ መነጽር የሚፈልግ ሥራ ነው። ማን የት እንደቆመ፣ ምን ያህል እንደራቀ፣ ሪቨርቡ (ማስተጋባቱ) በዝቶ እንደሆነ ግን ከዚህ በኋላ በአዲሱ ነው የምወስነው። ለሥራ አይሆንም ያልከውን በዚህ አልቀበልህም።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ስፖንጁ ካሁኑ ጎድጎድ ማለት ጀምሯል። ያሳስባል?


ፋሲሎ ሰፈር፦

ያሳስባል እንጂ ልጄ። ስፖንጁ ሲሳሳ ጆሮሽ ወደ ድምፅ ማውጫው ይጠጋል፣ ያገኘሽው ቦታም ይዛባል። ቀስ በቀስ ስለሆነ ደግሞ አይታወቅሽም። ያንን የዳዊት ቅጂ አትሰርዢው፤ አልፎ አልፎ እየከፈትሽ ጸ እና ጨ ላይ አድምጪ። መውጋት ሲጀምሩ ስፖንጁ ደክሟል። እዚህ መለዋወጫውን ስለማታገኚ አጎትሽ ሲመለስ የዚያኑ ሞዴል ስፖንጅ ሁለት ጥንድ ይዞልሽ ይምጣ፤ ሌላ ዓይነት ስፖንጅ ግን አታድርጊበት፣ ውፍረቱ ከተለየ ድምፁም ይለያል።