«ባንዲራ የአድራሻ ጉዳይ ነው» ያለው ጠበቃ

የሬስተን ሾፌር፦ ቅዳሜ ዕለት ሠርግ ላይ ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው ሥራውን ጠየቅሁት። ጠበቃ ነው፤ ደንበኞቹ የቅንጦት ጀልባ፣ የጭነት መርከብና የግል አውሮፕላን ያላቸው ሰዎች ናቸው። «ታዲያ ምን ታደርግላቸዋለህ?» ስለው «ንብረታቸው በየትኛው አገር ቢመዘገብ እንደሚሻላቸው እመርጥላቸዋለሁ» አለኝ። አቴና የተቀመጠ ሰው መርከብ የላይቤሪያን ባንዲራ ሰቅሎ መሄዱ አያሳፍርም ወይ ብለው፣ ክትፎውን እየጠቀለለ «ባንዲራ የአድራሻ ጉዳይ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ይኸው ሦስት ቀኔ፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። ነገሩ ደግሞ ከሰፈሬ አይርቅም። የላይቤሪያም የማርሻል ደሴቶችም የመርከብ መዝገብ የሚተዳደረው እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ እኔ ከዱለስ አየር ማረፊያ ሰው በማመላልስበት አካባቢ ነው። ወደብ የለ፣ መልሕቅ የለ፤ የቢሮ ሕንፃና የመኪና ማቆሚያ ብቻ።

ወይዘሪት ውል፦ ለጆሮ ይከብዳል እንጂ ሐሰት አልተናገረም። ላይቤሪያ፣ ፓናማና ማርሻል ደሴቶች ሦስቱ ብቻ ከዓለም መርከቦች የመጫን አቅም ከ40 በመቶ በላዩን መዝግበዋል። ያጠለቅኸው ጫማ የመጣው በዚያ «አሳፋሪ» ሰንደቅ ሊሆን ይችላል። ባለመርከቡም ግብር ሸሽቶ ብቻ አይደለም፤ ያበደረው ባንክ ራሱ «መያዣዬን በማውቀው ሕግ አስመዝግብልኝ» ይላል። ይህን የሚያስተካክል ጠበቃ ማንን በደለ?

የአሰብ ካፒቴን፦ ልጄ፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ ባሕሩን ግን እኔ ልንገርሽ። አሰብ ከእጃችን ከወጣ በኋላ ከመርከባችን ኋላ፣ የተመዘገበበት ወደብ ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ «አዲስ አበባ» ተጽፎበት ወደብ እንገባ ነበር። አንድ የውጭ ወደብ ሠራተኛ ካርታ ዘርግቶ ከተማዋን በባሕር ዳርቻ ሲፈልግ አይቻለሁ፤ ሰውየው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ማለት እንዳለበት ማን ይንገረው? ስቀውብናል። ነገር ግን ባሕር የሌለው አገር በስሙ መርከብ የማስኬድ መብቱ እ.ኤ.አ. በ1921 ባርሴሎና ላይ ታውቆለታል። እኛ ያን ስም የጻፍነው የሚመች አድራሻ መርጠን አይደለም፤ አገራችን ስለሆነ ነው። ደመወዜ ቢቀር የት ሄጄ እንደምጮህ አውቅ ነበር።

ቃል ጠባቂ፦ ክርክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን «ባንዲራ» የባዕድ ቃል ነው። ሰንደቅ ዓላማ በሉ።

የሬስተን ሾፌር፦ ያለው እኮ እሱ ነው። ሰውየው የተናገረውን አርሜ ልጥቀስለት?

ወይዘሪት ውል፦ ካፒቴን፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የባርሴሎናው መብት ለሞንጎሊያም ተሰጥቷል። ሞንጎሊያ ባሕር የላትም፤ የመርከብ መዝገቧ ግን ሲንጋፖር ተቀምጦ የማንንም መርከብ ይመዘግባል። እርስዎ የሚመኩበት አንቀጽና ጠበቃው የሚኖርበት አንቀጽ አንድ ነው።

የአሰብ ካፒቴን፦ እኛን ከሞንጎሊያ ጋር? በ1952 ዓ.ም. የባሕር ሕግ ያወጣን፣ የራሳችንን ልጆች አሠልጥነን የጫንን ሰዎች? መዝገብ ማከራየትና መርከብ ማሠማራት አንድ ሆኖ ታየሽ?

ክንፍ ጠጋኝ፦ እኔ አውሮፕላን ላይ ስለምሠራ በዚያ በኩል ልግባ። አውሮፕላን በአንድ ጊዜ በሁለት አገር መመዝገብ አይችልም፤ የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 18 ነው። አበዳሪው ደግሞ የኬፕታውን ስምምነትን ይዞ ነው የሚተኛው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ተበዳሪ ካልከፈለ አውሮፕላኑን ከመዝገብ አሰርዞ የሚወስድበት መንገድ ስላለ ብድሩ ይረክሳል። እስከዚህ ወይዘሪት ውል ትክክል ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን የሩሲያ አየር መንገዶች ከአየርላንድና ከሌሎች አገሮች የተከራዩአቸውን፣ ብዙዎቹ በቤርሙዳ የተመዘገቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ሩሲያ ወደ ራሷ መዝገብ አዛወረቻቸው። ቤርሙዳ የብቃት ማረጋገጫቸውን አገደች፤ እነሱ ሩሲያ ውስጥ መብረራቸውን ቀጠሉ። አከራዮቹ ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጋር ለንደን ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ለዓመታት ተሟገቱ። የአድራሻ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፖስታ ቤት ይበቃቸው ነበር።

ወይዘሪት ውል፦ ይህ እኮ የእኔን ነገር ያጠነክራል። ያንን ሁሉ የተሟገተው ማን ሆነና? ጠበቃ።

የሬስተን ሾፌር፦ አዎ፣ ሲያስመዘግብም ይከፈለዋል፣ ሲጠፋም ይከፈለዋል። ማለፊያ ሙያ!

ቤይሩት ስምንት ዓመት፦ ስለ አድራሻ ካነሣችሁ እኔም አንድ መርከብ አውቃለሁ። ስሙ ሮሱስ ነው። ባንዲራው የሞልዶቫ። ከጆርጂያ ባቱሚ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ጭኖ ወደ ሞዛምቢክ ሲሄድ እ.ኤ.አ. በ2013 ቤይሩት ገባ፤ ለጉዞ ብቁ አይደለም ተብሎ ቀረ፤ ዕዳ ጠያቂዎች አሳገዱት፤ ባለቤት የተባለው ሰው ጥሎት ጠፋ። እውነተኛው ባለቤት ማን እንደሆነ ለማወቅ ጋዜጠኞች ከፓናማ እስከ ቆጵሮስ ወረቀት ማሳደድ ነበረባቸው። ጭነቱ ወደ መጋዘን ተራገፈ። የቀረውን፣ ፍንዳታውን፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ሁላችሁም በቪዲዮ አይታችሁታል፤ እኔ ግን በአሠሪዬ ቤት ወጥ ቤት ሆኜ ነው የሰማሁት። መስኮቱ ከነፍሬሙ እላዬ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሞልዶቫን ማን ጠየቀ?

የአሰብ ካፒቴን፦ እግዚአብሔር እንኳን አተረፈሽ ልጄ። የዚያ መርከብ ካፒቴንና ሦስት ሰዎቹ ደግሞ ያለ ደመወዝ መርከቡ ላይ ወደ ዓመት ገደማ ታግተዋል። ካፒቴኑ ጠበቃ ለመቅጠር ሲል የመርከቡን ነዳጅ እንደሸጠ ተናግሯል። ለመርከበኛ ባንዲራ ምን እንደሆነ የሚገባው ያን ቀን ነው።

ወይዘሪት ውል፦ እነዚያን አራት ሰዎች ያስፈታቸው እኮ የሞልዶቫ መንግሥት አይደለም፤ የቤይሩት ጠበቆች ናቸው፤ ለአስቸኳይ ጉዳዮች ዳኛ አመልክተው። የመርከበኛ ደመወዝም ከባንክ መያዣ በፊት የሚከፈል ዕዳ እንዲሆን የባሕር ሕግ ያዘዘው መርከቡን የትም ቦታ አግዶ መጠየቅ እንዲቻል ነው። አጋቹም አስፈቺውም ይኸው የምትሰድቡት ሙያ ነው።

የሬስተን ሾፌር፦ ማን ፈታቸው አላልንም። ያን የፓናማ ወረቀት ማን ጻፈው? ያም ጠበቃ ነው። አንዱ ጠበቃ ባለቤቱን ይደብቃል፣ ሌላው ይፈልገዋል። በመካከሉ እሷ መስኮት ይወድቅባታል።

ክንፍ ጠጋኝ፦ ይህ ግን የጠበቃው ሳይሆን የመዝጋቢው አገር ጥፋት ነው። ደካማ መርማሪ ያለው አገር መመዝገብ የለበትም።

የሬስተን ሾፌር፦ ደካማውን የመረጠለት ማን ነው? «እመርጥላቸዋለሁ» ነው እኮ ያለኝ! በአፉ!

ወይዘሪት ውል፦ አንድ ሰው በክትፎ መካከል የተናገረውን ይዘህ ሙያውን ሁሉ ልትሰቅል ነው። እሺ፣ አንድ ነገር ልጨምር፦ የቤይሩት ጠበቆች ማኅበር የተጎዱትን ወክሎ ለንደን ላይ ከስሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 እዚያ የተመዘገበው የጭነቱ ኩባንያ ተጠያቂ ነው ተብሎ ተፈርዶበታል።

ቤይሩት ስምንት ዓመት፦ ተከፈለ?

ወይዘሪት ውል፦ ተፈረደበት ነው ያልሁት።

ቤይሩት ስምንት ዓመት፦ ገባኝ። ኩባንያው የት ነው ያለው?

የሬስተን ሾፌር፦ እሱማ የአድራሻ ጉዳይ ነው።

ቃል ጠባቂ፦ ከወይዘሪት ውል በቀር «ሰንደቅ» ያለ አንድ ሰው የለም። ታዝቤአለሁ።

የአሰብ ካፒቴን፦ ወይዘሪት፣ የሞንጎሊያውን ነገር ግን አልተውሁትም።