የጂጂ አልበም ከትዝታዬ ተለይቶ ቢመዘን

ከጣርማበር ማዶ፦
እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በራሷ ስም ሰይማ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን የመጀመሪያ አልበሟን ያወቅሁት ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ ነው። የጣርማበርን ዋሻ ስንገባ ቴፑ «ባለ ዋሽንቱ»ን ያሰማ ነበር፤ ውጭው ጨልሞ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ባለበት በዚያች አጭር ጊዜ ከእሷ ድምፅ በቀር የሰማሁት ነገር የለም። ደብረ ሲና ወርጄ ቆሎ ስገዛም ልቤ እዚያው ዋሻ ውስጥ ነበር። ዛሬ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቼ፣ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ሄርቢ ሀንኮክን፣ ዌይን ሾርተርንና ፋሮህ ሳንደርስን የመሰሉ የጃዝ ታላላቆች በተጫወቱበት ሥራ የእሷ ድምፅ ሳይዋጥ የቀረው በምን ጥበብ ነው? ወይስ እንዲህ የሚያሰኘኝ ትዝታዬ ብቻ ነው?

ባና ለባሽ (መሐል ሜዳ)፦
አንድ እርማት ላስቀድም። ከዚያ በፊት ለአገር ልጅ የወጡ ሥራዎች ነበሯት፤ በዓለም ገበያ የመጀመሪያዋ ነው ቢሉ ግን ልክ ነዎት። ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ አዘጋጁ ቢል ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች በመሆኑ ክብደቱን ሁሉ ከሥር አድርጎታል፤ ሳክስፎኑም ብዙውን ጊዜ የሚገባው እሷ ስንኙን ጨርሳ ትንፋሽ ስትወስድ ነው። እንግዳው በቤቱ እመቤት ወግ ሲጫወት ይሰማኛል።

የአንኮበር ልጅ፦
ባና ለባሽ ስለ መሣሪያው የጻፉትን እቀበላለሁ፤ ነገሩ የሚጀምረው ግን ከጉሮሮዋ ነው። ጂጂ ቻግኒ ሳለች የቤተ ክርስቲያን ዜማ ከካህን እንደ ተማረች ይታወቃል። እኔም ለጥቂት ጊዜ ድጓ ቤት ስለ ቆየሁ፣ ቃሉን ሳትበትን ድምፁን የምታስረዝምበትን መንገድ ስሰማ የየኔታ ቁጣ ትዝ ይለኛል (እኔ ሁልጊዜ እቸኩል ነበር)። «ዓድዋ»ን ይስሙት። በእኛ አገር፣ ምኒልክ ለዓመታት በተቀመጡበት አንኮበር፣ ዓድዋ ከተነሣ ቀረርቶና ፉከራ መከተሉ አይቀርም፤ እሷ ግን ለሞቱት እንደምታመሰግን ሰው ዝግ ብላ ታዜመዋለች። የካቲት 23 ቀን በሬዲዮ ሲለቀቅ፣ በወጣትነታቸው ፎካሪ የነበሩት አባቴ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚሰሙት።

ዋሽንት አይሰለቸኝም (ደብረ ብርሃን)፦
ለእኔ አልበሙ እንደምትሉት እንከን የለሽ አይደለም። «ጉራማይሌ» ላይ ምቱ በዝቶብኛል፤ በቤታችን ደካማ ቴፕ ደግሞ ቤዙ ግጥሙን ይሸፍነው ነበር። ይሁንና ጠያቂው ትዝታዬ ይሆን ወይ ብለው መጨነቃቸው ከንቱ ነው። ላስዌል ይህንኑ ሥራ በ2003 እ.ኤ.አ. «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ስም እንደገና ሲያቀናብረው ድምፅዋን ቆራርጦ ወደ ኋላ መለሰው፤ ሙዚቃው ያው ሆኖ ሳለ እኔ እስከ መጨረሻው ለመስማት አልቻልኩም። ሁለቱን በተከታታይ ቢሰሙ መልስዎን ያገኛሉ።

ከጣርማበር ማዶ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የ2003ቱን ሰምቼው አላውቅም፤ ቅዳሜ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ሁለቱንም ይዤ እሄዳለሁ፤ «ባለ ዋሽንቱ»ን ግን እስከ ዋሻው አፍ ድረስ አልከፍተውም።